የሁለት ሺው መስሚያ

«ለእማዬ የሠራ ለልጅቷ የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ?» አለ ልጄ ለሚስቱ፣ የወጥ ቤቱን በር ዘግተው እንደ ቆሙ። እኔ ሳሎን ተቀምጬ የልጅ ልጄን ፀጉር እጎነጉን ነበር። ዘግተው አልኩ እንጂ የበሩ የላይኛው ግማሽ መስታወት ነው፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል የሠራሁ ሴት ነኝ። ሁለት መቶ ማሽን ባንድ ጊዜ ሲንኳኳ የሰው ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ሐሜቱንም፣ ቀልዱንም፣ የልጅ ሕመሙንም የምናወራው በከንፈር ነበር። ማሽኑ ጆሮዬን ቀስ እያለ ወሰደው፤ ዓይኔም ቀስ እያለ መስማት ተማረ። ስለዚህ ልጄ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ለኔ ለውጥ አልነበረውም። ከንፈሩን በመስታወቱ ውስጥ አንድ ቃል ሳይቀረኝ ለቀምኩት።

ምራቴ እጇን በፎጣ እያደራረቀች፣ «የጆሮ ባለሙያዋ እኮ የሷ መስሚያ በልጅቷ ጆሮ ልክ የሚስተካከል ነው ብላለች» አለችው። «ቀጠሮውም ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ካለፈን ሌላ የሚገኘው ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

«ሃያ ስድስት ሺህ! ጆሮ ነው የሚለኩት ወይስ መሬት?» አለ። «ባለሱቁ ቴሌቪዥኑን በሃያ ሁለት ሺህ ከገዛን መስሚያውን በምርቃት ይሰጠናል። ቅናሹ ዛሬ ያበቃል። እማዬን አታያትም? ሁለት ሺህ ነው ያወጣሁባት። ይኸው ዛሬ በር ዘግተን እንኳ የሚያመልጣት ነገር የለም!»

ይህን ብሎ ወደኔ ዞር ሲል አንገቴን ደፋሁ። ሳላውቀው ፀጉሯን አጥብቄው ኖሮ፣ ፍንጭት ፊቷን ወደኔ መልሳ «እምዬ፣ ቆነጠጥሽኝ እኮ!» አለች። ፍንጭት የምንላት በፊት ጥርሶቿ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ስምንት ዓመቷ ነው። አምና ትኩሳት ይዟት ሁለት ሳምንት ከተኛች ወዲህ ሁለቱም ጆሮዎቿ ደክመዋል። ቀርበው ካናገሯት ትሰማለች፤ ራቅ ካሉ ወይም ጫጫታ ካለ ይጠፋባታል። ከአስተማሪዋ የመጣው ወረቀት፣ «ስትጠየቅ ፈገግ ትላለች እንጂ አትመልስም፤ በዚህ ከቀጠለች ክፍሉን ትደግማለች» ይላል። ያ ፈገግታ ከማን እንደመጣ እኔ አውቃለሁ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ልጄ የዳቦ ቤት መኪና ሾፌር ነው። ሰው ሁሉ በተኛበት ተነሥቶ ዳቦውን ለየሱቁ ያዳርሳል፤ በሳምንት ያለችው አንዲት የዕረፍት ቀን ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ያችን አንዲት ቀን ለሦስት ወር እየሸጠ፣ በሌላ ሰው ተራ እየነዳ፣ አንድ ማለዳ ትንሽ ሳጥን ይዞልኝ መጣ። ውስጡ የባቄላ ፍሬ የምታክል፣ ጆሮ ጀርባ የምትቀመጥ ነገር ነበረች። በገዛ እጁ አደረገልኝ። እጁ እርሾ እርሾ ይሸት ነበር። ከዚያ ቁልፉን ሲያዞረው ቤቱ ሁሉ በላዬ ላይ ተናደ። ማንኪያው የብረት መዶሻ ሆነ፣ ቧንቧው ፏፏቴ፣ የፕላስቲክ ከረጢቱ ኮሽታ እንደ እሳት። የሰው ድምፅ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሥር ተቀብሮ የት እንዳለ አይታወቅም። በዚያ ላይ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ጭንቅላቴ ውስጥ በመርፌ የሚሄድ ይመስል ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ልጄ አፉን ከፍቶ ፊቴን ይጠብቃል። የልጅነት ፊቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት የሳለውን ሥዕል ይዞ ሲመጣ የነበረው። «እንዴት ነው እማዬ?» አለ ከንፈሩ። «ጥሩ ነው ልጄ፤ ደስ ይላል» አልኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በምን ልመልሰው?

በሳምንቱ ባትሪውን አወጣሁት። ባዶውን ግን እንደ ጌጥ ጠዋት ጠዋት አደርጋለሁ፣ ማታ አወልቃለሁ። ሰሚ ለመምሰልም ለፋሁ፤ ወንበሬን ወደ በሩ አዞርኩ፣ ከኋላዬ የሚመጣውን ለማየት ከቁም ሳጥኑ ላይ መስታወት አስቀመጥኩ። «እማዬ በስተርጅና ማጌጥ ጀመረች» ብለው ሳቁብኝ። ልጄም እያንዳንዷን መልሴን እያየ በመስሚያው ኮራ። ለጎረቤት አወራ፣ ለሥራ ባልደረቦቹ አወራ፣ ሁለቱ ሄደው ለእናቶቻቸው ገዙ። ባለሱቁ ከኔ የተሻለ ደላላ አላገኘም። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቼ ያደግሁ ሴት፣ ዝምታዬ የኔን ገላ ብቻ የሚበላ መስሎኝ ነበር። እዚያ ወጥ ቤት በር ላይ ግን ተራው የማን እንደሆነ በዓይኔ አየሁት።

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አልኩ ሲወጡ።

«ለምን ትደክሚያለሽ እማዬ? ዕቃው እዚሁ ይመጣልሽ የለ?»

«ቴሌቪዥኑን ማየት አማረኝ።»

ሌላ ውሸት። አንዱ ሲመቸው ዘመድ ይጠራል። መንገድ ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ደረጃውን ስንወርድ እሱ ከፊት ነበር፤ ጀርባውን ለሰጠኝ ሰው ነገር መጀመር ለኔ በጨለማ እንደመራመድ ነው። አውቶቡስ ላይ ከጎኔ ሲቀመጥ «ልጄ» ብዬ እጄን ጉልበቱ ላይ አደረግሁ። ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ዞር ብሎ «አትሥጊ እማዬ፣ ቴሌቪዥኑ ያንቺን አልጋ አያስነሣም፤ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው» አለና ሳቀ። ደስ ብሎታል። አሮጌው ቴሌቪዥን ከተበላሸ ሁለት ወሩ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ እግሩን ዘርግቶ ኳስ ከማየት በቀር ሌላ መዝናኛ የለውም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ምራቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች፤ የካውያው ሙቀት ጣቶቿን አድርቋቸዋል። የባለሙያዋን የቀጠሮ ካርድ በጣቶቿ መካከል ታገላብጠዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ከሩብ።

ሱቁ የቤት ዕቃ ሱቆች ብቻ ያሉበት ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሦስቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቴሌቪዥን ነው፤ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቢጫ ዓሣ በአንድ ዓይነት ባሕር ውስጥ ይዋኛል፣ ያለ ድምፅ። እያንዳንዱ ላይ አሮጌው ዋጋ በቀይ መስመር ተሰርዞ አዲሱ ተጽፎበታል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የጨርቅ ዋጋ ሲሰረዝ ስላየሁ በመስመር አልደነግጥም፤ መጀመሪያ ውድ ብለው ይጽፉና ቀጥሎ ይሰርዙታል። የሱቁ ባለቤት ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ፣ ከአፉ ማር የሚንጠባጠብ ሰው ነው። ልጄን አቀፈው። እኔን ሲያይ ደግሞ እጁን አጨበጨበ።

«ምስክራችሁን ይዛችሁ መጣችኋ! እንዴት ነው እናቴ፣ መስሚያው ተመቸዎት?»

ሁሉም አዩኝ። ልጄ ፈገግ ብሎ፣ ምራቴ ካርዷን ማጠፍ ትታ፣ ፍንጭት አንገቷን ወደላይ ቀና አድርጋ። አሁን ነው አልኩ በልቤ። አፌን ከፈትኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ወጣ። ያ መልስ ለምን ጥያቄ እንደሚሆን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባለሱቁ ግን በቂ ሆኖለት ወደ መደርደሪያው ሄደ። ምራቴ ትከሻዋ ወደታች ወረደ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከኔ አንድ ነገር ስትጠብቅ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

መስሚያውን ሲያመጣው አንስቼ እንደ ጨርቅ ገለበጥኩት። ጨርቅ በፊቱ አይገዛም። ፊቱን ሁሉም ያሳምረዋል፤ ጀርባውን ማየት፣ ክሩን መሳብ፣ ስንት እጥበት እንደሚችል መጠየቅ ነው። ደግሞ ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ያገለገለ ገዝቼ ሃያ ዓመት ያዳመጥኩት ራዲዮ ነበረኝ፤ በውድ ተገዝቶ በሁለተኛው እጥበት ቀለሙን የለቀቀ ካፖርትም አውቃለሁ። ዋጋው ያለው ዕቃው በሚውልበት ላይ ነው። ሁለት ሺህ ለመስሚያ ርካሽ ነው፤ ለጆሮ ጌጥ ግን እሳት ነው።

«ቢበላሽ ማን ይሠራዋል?» አልኩት።

«ይኼ አይበላሽም እናቴ!»

«ሰው እንኳ ይበላሻል። ባይስማማትስ ገንዘቡን ትመልስልናለህ?»

«ጆሮ ውስጥ የገባ ዕቃ አይመለስም፤ ለጤና ጥሩ አይደለም» አለና ልጄን በዓይኑ ጠቀሰው። ልጄ በአፍረት ክርኔን ያዝ አደረገ። «እማዬ፣ ያንቺው ዓይነት እኮ ነው።»

ባለሱቁ ተንበርክኮ ለፍንጭት አደረገላት። ፊቷ ከፊቱ አንድ ስንዝር አይርቅም። «ስንት ዓመትሽ ነው?» አላት። «ስምንት» አለች። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» «ሁለተኛ።» ልጄ ምራቴን በኩራት አያት፤ አየሽ፣ እንደማለት። እኔ የማየው ሌላ ነው። ልጅቷ ዓይኗን ከሰውዬው ከንፈር ላይ አልነቀለችም። ያንን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ከታመመች ወዲህ ሲከፋት፣ የፋብሪካ ወሬ እንጫወት እያልኩ፣ ያለ ድምፅ ማውራትን እንደ ጨዋታ አስለመድኳት። ልጅቷን አጽናናሁ ብዬ፣ ለካ እንደኔ መደበቂያ ነው የሠራሁላት። አባቷ ችግሯን ትንሽ አድርጎ ማየቱም በኔው ነው። መልሷን እንጂ ዓይኗን የሚያይ የለም።

አራት ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ልጄ ኪሱን ዳሰሰ።

«እነዚህ ቴሌቪዥኖች ድምፅ የላቸውም እንዴ?» አልኩ።

«ምን ነካዎት እናቴ! ሲጮሁ ሕንፃውን ነው የሚነቀንቁት።»

«እስቲ አሰማን። የምንገዛው ድምፁን ጭምር አይደል?»

ሻጭ ነውና ደስ አለው። ሪሞቱን አንስቶ የአንዱን ድምፅ ከፈተ፣ የሁለተኛውን፣ የሦስተኛውን። ለኔ ድምፁ አልመጣልኝም፤ ግን መዳፌን ያሳረፍኩበት የጠረጴዛው መስታወት መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እንደ ድሮው የማሽን ክፍል ወለል። ፍንጭትን አየኋት። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ጨበጡ፤ አንጓዎቿ ነጡ። ባለሱቁ ቆሞ ከኋላዋ አንድ ነገር አላት፤ አልዞረችም። አባቷ ጎንበስ አለላት።

«እንዴት ነው የኔ እናት?»

ቀና ብላ አየችው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ፊቷን አደላደለች፣ ፍንጭቷን አሳየችው። «ጥሩ ነው አባዬ፤ ደስ ይላል።»

ቃሉ የኔ ነው። ፈገግታውም የኔ ነው። ሁለት ዓመት ያስቀመጥኩትን ነገር ሌላ ሰው ለብሶት ያየሁ መሰለኝ። በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግሬ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ «ያምሻል?» አልኳት።

«በጣም» አለች በከንፈሯ።

«ታዲያ ለምን ጥሩ ነው አልሽው?»

«አባዬ እንዳይከፋው።»

ከዚያ በኋላ እግሬ ይሁን ሌላ ነገር ይዞኝ የሄደው አላውቅም። መጀመሪያ ከሷ ጆሮ አወለቅሁት። ቀጥሎ ከራሴ ጆሮ አወጣሁ፤ በጥፍሬ የባትሪውን ክዳን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ልጄ ፊት አስቀመጥኩት። ውስጡ ባዶ ነበር። አቧራ እንኳ ነበረበት።

«ባትሪውስ?» አለ ልጄ።

«አውጥቼዋለሁ። በገዛህልኝ በሳምንቱ።»

«ባትሪ እኔ ጋ ሞልቷል፤ በነፃ እገጥምልዎታለሁ» አለ ባለሱቁ።

ልጄ አንዴ ዕቃውን፣ አንዴ እኔን ያያል። «እንዴት ይሆናል? ትሰሚኝ የለ እንዴ? አሁን እየሰማሽኝ አይደል?»

«አልሰማህም ልጄ። አይሃለሁ።»

አልገባውም፤ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። «ያንተ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው» አልኩት። «ሲያደርጉት ጭንቅላት የሚበጣ ዕቃ ነው። ፊትህን አይቼ ዋሸሁህ። አሁን ደግሞ እሷ ፊትህን አይታ ዋሸችህ። ካላመንከኝ ጀርባህን ስጠኝና አንድ ነገር በል።»

ቆመ። ከዚያ ልጄ ቀስ ብሎ ዞረና ፊቱን ለቴሌቪዥኖቹ ሰጠ። ቢጫዎቹ ዓሦች በራሱ ዙሪያ ይዋኛሉ። አንድ ቃል ይለኛል ብዬ ነበር፤ ስሜን፣ ወይም «እማዬ» ብቻ። ነገር ግን ትከሻው ተነሣ፣ ወረደ፣ እንደገና ተነሣ። ለአንዲት ቃል የማይሆን ረጅም ጊዜ ተናገረ። የጆሮው ጫፍ ቀላ። ምራቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ባለሱቁ ሪሞቱን አንስቶ ቴሌቪዥኖቹን አንድ በአንድ ዝም አሰኛቸው፤ መንቀጥቀጡ ከመዳፌ ሥር ሲጠፋ አወቅሁት። ከጆሮው ላይ እስክሪብቶውን አወረደና አንገቱን ደፋ፤ የሚጽፈው ነገር ግን አልነበረውም።

ልጄ ሲመለስ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ምን አልኩ?» አለኝ።

«እንጃ ልጄ።»

ፍንጭት አባቷን እጁን ያዘችው። እሷም አልሰማችም፤ ጀርባውን ነበር የምታየው። የቀጠሮ ካርዱ ምራቴ መዳፍ ውስጥ ተጨማዶ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ሸሚዝ እንደምትተኩስ ሁሉ በእጇ ጀርባ አቃናችው። ከዚያ ስልኳን አወጣች። ፊቷ ወደኔ ስለነበር የተናገረችውን አየሁ፤ መንገድ ላይ ነን፣ እባካችሁ አትዝጉብን፣ ልጅቷን ይዘናት እየመጣን ነው። ጸጥ ብላ አዳመጠችና «ይጠብቁናል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለካርዱ። ባለሱቁ «ቴሌቪዥኑስ? ቅናሹ እኮ ዛሬ ያበቃል» ሲል፣ ያቺ አፍ የሌላት ምራቴ «ይለፈን» አለችው። አንዲት ቃል ናት፤ እኔ ግን ከሷ አፍ ስትወጣ በማየቴ ዕድሜ ሰጪውን አመሰገንኩ።

አውቶቡሱ ሲመጣ አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። እኔና ምራቴ ፍንጭትን መሐላችን አድርገን ተቀመጥን። «ምን አለ?» አልኳት ጠጋ ብዬ። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ምን ነበር ያለው?» ምራቴ ፊቷን ወደኔ አዞረች፤ ከንፈሯ ተከፈተ፤ ልትነግረኝ ነበር። ተወችው። «እማማ፣ ራሱ ይንገርዎት» አለችኝ።

ልጄ ከፊታችን ባለው ወንበር ነበር የተቀመጠው፤ የማየው ማጅራቱን ብቻ ነበር። መስሚያዬን ሱቅ ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ በቡጢው ውስጥ ጨብጦት ኖሯል። መጪው ሃያ ስድስት ሺህ ያስፈራኝ ነበር፤ ባለሙያዋስ እውነቷን ቢሆን ባይሆን፣ ደግሞ ብንቸኩል፣ ደግሞ ባይስማማት እያልኩ እንደ ልማዴ ስቆጥር፣ ልጄ ድንገት ተነሣ። መውረጃችን ገና ነበር፤ ወንበሩን ግን ለቀቀ። አጠገባችን መጥቶ የላዩን ብረት በአንድ እጁ ያዘና ፊቱን ወደኛ አድርጎ ቆመ። አውቶቡሱ ሲነቀንቀው ይነቀነቃል። ሰው ሲገፋው ይገፋል። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱን ግን እስክንደርስ ድረስ ከኔና ከልጅቷ አላዞረም።